የዳንኤሎቹን መንገድ ይዘን ወደ ስሪናጋር

ስሪናጋር ስል የካሽሚሩን፣ ሐይቅና ጀልባ ያለበትን ማለቴ አይደለም፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ሌላ ስሪናጋር አለ። ኡታራካንድ በሚባለው የህንድ ግዛት ውስጥ፣ ጋርዋል በተባለው ተራራማ አገር፣ አላክናንዳ ወንዝ ዳር ያለ ከተማ ነው። ድሮ የጋርዋል ነገሥታት መናገሻ ነበር። ዛሬ የተማሪ፣ የአውቶቡስና የኮንስትራክሽን አቧራ ከተማ ነው። እዚያ ድረስ የጎተቱኝ ሁለት እንግሊዛውያን ሠዓሊዎች ናቸው፤ ቶማስ ዳንኤልና የወንድሙ ልጅ ዊልያም ዳንኤል።

ስለነሱ ትንሽ ካላወራሁ የሚከተለው ሁሉ ግራ ያጋባል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።) ቶማስ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ነው፤ እጁን ያፍታታው ሠረገላ በመቀባት ነው። በ1785 ከእንግሊዝ በመርከብ ተነስተው፣ በቻይና በኩል ዞረው፣ በ1786 መጀመሪያ ላይ ካልካታ ገቡ። አጎትየው ገና 40 አልሞላውም፣ ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ካልካታ ላይ 12 የከተማዋን ሥዕሎች አሳተሙ። በ1788 ጋንጀስን ይዘው ወደ ሰሜን ሄዱ፤ በኤፕሪል 1789 ደግሞ ከሜዳው ተነስተው በጋርዋል ተራራ መንገድ ወደ ስሪናጋር ወጡ። በዚህ የሂማላያ ክፍል ገብተው የሣሉ የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን ሠዓሊዎች እንደሆኑ ይነገርላቸዋል።

አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ከ1795 እስከ 1808 ባሉት ዓመታት «ኦሪየንታል ሲነሪ» የተባለውን፣ 144 ሥዕል ያለውን ሥራ በየክፍሉ አወጡ። ሙሉው 210 ፓውንድ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይሄ የሀብታም ጨዋታ ነው። ገንዘቡ የሌለው ሰውም ግን ሥዕሎቹን አላጣቸውም፣ ምክንያቱም በሰማያዊና ነጭ የእንግሊዝ ሳህኖች ላይ ተገለበጡ፣ ፈረንሳይ አገር የግድግዳ ወረቀት ሆኑ። አውሮፓ ውስጥ ህንድን ሳያይ «አውቃታለሁ» ይል የነበረ ብዙ ሰው ያያት በነሱ ዓይን ነው።

እኔ ደግሞ ዴልሂ ሰፈሬ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት የተራራዎቹን ሥዕሎች በከለር አሳተምኩና ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ ሲቪል መሐንዲስ ነው። ሥዕል ምኑም አይደለም። መንገድ ሲባል ግን ጆሮው ይቆማል።

አርብ፣ ናጂባባድና ኮትድዋር

በሌሊት ባቡር መጥተን ጎህ ሳይቀድ ናጂባባድ ወረድን። የተሳፈርነው ስሊፐር በሚሉት ክፍል ነው፤ አልጋው ሦስት ፎቅ፣ ኤሲ የለም፣ መስኮቱ ክፍት። እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። ናጂባባድን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆረው ናጂብ ኡድ ዳውላ የተባለ የሮሂላ አፍጋኖች መሪ ነው። ዳንኤሎቹ እዚህም ቆመው ሥለዋል። እኛ ግን ጣቢያው በር ላይ በሸክላ ኩባያ ሻይ ጠጥተን ወዲያው አውቶቡስ ያዝን።

ኮትድዋር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከዚያ ድረስ መሬቱ ፍጹም ሜዳ ነው፣ ሸንኮራ አገዳ፣ የማንጎ ዛፍ፣ ጎሽ። ከዚያ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተራራ። ኮህ የሚባል ወንዝ ከተራራው ሰንጥቆ የሚወጣበት አፍ ላይ ነው ከተማው የተቀመጠው። ዳንኤሎቹ «ኮአድዋር ጋውት» ብለው የሣሉት ይህንን አፍ ነው። ያን ጊዜ ኮትድዋር ደገኛና ቆለኛ የሚገናኙበት ገበያ ነበር። ደገኞቹ ዝንጅብሉንም ብረቱንም በጀርባቸው አዝለው ይወርዳሉ፤ ጨው፣ ጨርቅና የመዳብ ዕቃ ይዘው ይመለሳሉ። ከዚህ በኋላ ያለው አገር የእንግሊዙ ኢስት ኢንዲያ ካምፓኒ አልነበረም፣ የጋርዋል ንጉሥ ነው፤ የሱ ፈቃድ ሳይኖር ማንም ፈረንጅ ዝም ብሎ አይገባም።

አሁንም ገበያ ነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ብንቆም ወደ ላይ የሚሄደውን ዕቃ ብቻ ቆጥረን አንጨርስም ነበር፤ ሲሚንቶ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ በጆንያ ጨው፣ የታሸገ ኑድል፣ ከጂፕ ጣሪያ ላይ በገመድ የታሰረ የቴሌቪዥን ካርቶን። ጓደኛዬ ሥዕሉን ከቦርሳዬ አውጥቶ አየና፣ «ታዲያ ምን ተለወጠ? ዕቃው ነው እንጂ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ሥዕሎቹን በደንብ ማየት የጀመረው።

ቅዳሜ፣ ወደ ላንስዳውን

እዚህ አገር በተራራው ላይ የሚሠራው ሱሞ ወይም ቦሌሮ የሚሉት ጂፕ ነው፤ አሥር ሰው ሳይሞላ ንቅንቅ አይልም። ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት ወታደሮች፣ አንዲት አሮጊት ከነጫጩቶቿ፣ እና እኛ። ሹፌሩ «ባይያ፣ ከየት ናችሁ?» አለ፤ ኢትዮጵያ ስንለው ጭንቅላቱን ወዘወዘና መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ስለ ማራቶን ማውራት ጀመረ። ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወረደ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ ኩርባው ሳያልቅ ሌላ ኩርባ፣ በግራ ግድግዳ በቀኝ ባዶ አየር፣ እና ጥሩምባ።

ዱጋዳ የምትባለውን ትንሽ ከተማ ካለፍን በኋላ ቺር የሚሉት ጥድ ጀመረ፤ ቅጠሉ ረጃጅም መርፌ የሚመስለው። ግንዱ ላይ ሰው ቁመት በሚሆን ቦታ ቅርፊቱ ተልጦ የተሰነጠቀ መስመር አለ፤ ከመስመሩ ሥር ደግሞ የሾለ ቆርቆሮ ኩባያ ተሰክቷል። ሙጫ ነው የሚያንጠባጥቡት። ሹፌሩ ለሻይ ሲያቆም ወረድ ብዬ ጣቴን ነካ አደረግሁት፤ ነጭ ወፍራም ነገር ነው፣ ሽታው ተርፔንታይን፣ እና እስከ ማታ ከእጄ አልለቀቀም።

ይህቺ ሙጫ በጣም ያስደሰተችኝ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የዳንኤሎቹ ሥዕል የሚታተምበት ዘዴ አኳቲንት ይባላል። አንድ የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ላይ የደቀቀ የዛፍ ሙጫ ይነሰነሳል። ሰሌዳው ከታች ሲሞቅ እያንዳንዷ ብናኝ ቀልጣ ትጣበቃለች። ከዚያ አሲድ ውስጥ ሲነከር አሲዱ ሙጫውን መብላት አይችልም፣ የሚበላው በብናኞቹ መሃል ያለውን ክፍተት ብቻ ነው። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈለገው ቦታ፣ ለምሳሌ ደመናው ወይም በረዶው፣ በቫርኒሽ ይሸፈናል፤ ጥላው እንዲጠቁር የሚፈለገው ደግሞ ተመልሶ ተመልሶ አሲድ ውስጥ ይገባል። ቀለም ሲቀባና ሲታተም መስመር ሳይሆን ልክ በብሩሽ የተነካ የሚመስል ጥላ ይወጣል። የመጨረሻው ቀለም በእጅ፣ ሥዕል በሥዕል ይቀባል። ቶማስ ካልካታ ላይ ሥራውን ሲጀምር ሠዓሊውም፣ ቀራጩም፣ መዳብ ሠሪውም፣ አታሚውም እኔው ነኝ ብሎ ለጓደኛው በደብዳቤ አማሯል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ያ ሩቅ ተራራ እንደ ጭጋግ ሟሙቶ የሚታየው ከቅኔ ብቻ የመጣ አይደለም። ሙጫና አሲድ፣ እና ሰዓት ጠብቆ ማውጣት ነው።

ላንስዳውን ከሰዓት ደረስን። ከፍታው 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ ብርዱ ወዲያው ይሰማል። ዳንኤሎቹ አላዩትም፤ እንግሊዞች በ1887 የቆረቆሩት የጦር ከተማ ነው፣ ስሙም ቀጥሎ የህንድ እንደራሴ የሆነው የሎርድ ላንስዳውን። ዛሬም የጋርዋል ጠመንጃ ክፍለ ጦር ማሠልጠኛ ነው፤ መንገዱ ተጠርጓል፣ ድንጋዩ ሁሉ በኖራ ተቀብቷል፣ ዛፍ ሥር እንኳን ወታደራዊ ሥርዓት አለ።

እዚህ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የዚህ ክፍለ ጦር ሦስተኛ ሻለቃ በኖቬምበር 1940 መተማ አጠገብ ጋላባት ላይ ከጣሊያን ጋር ተዋግቷል፤ ከዚያም ባረንቱ፣ ከረን፣ አምባላጌ። ይህን እኔ ከመጽሐፍ ነው የማውቀው። ሻይ ቤቱን የያዙት ጡረታ የወጡ ወታደር ግን ከየት እንደመጣን ሰምተው «ከረን!» አሉና ቀጥለው ሌሎቹንም ስሞች በቅደም ተከተል ጠሩልን። ምልምል እያሉ የክፍለ ጦሩን የውጊያ ስሞች በቃል እንዲያጠኑ ይደረግ ነበር አሉ፤ የት እንዳሉ ግን ማንም አላሳያቸውም። ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ ካርታው ላይ አንድ በአንድ አሳያቸው። ከረን ኤርትራ ውስጥ፣ አምባላጌ ትግራይ ጫፍ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ስክሪኑን ብዙ ጊዜ አዩት። ለሻዩ ሒሳብ አልቀበልም ብለው ተከራከሩን፣ እኛም ተከራከርን፣ እሳቸው አሸነፉ።

እሁድ፣ በሳትፑሊ ወደ ፓውሪ

ከላንስዳውን በጉምካል በኩል ወደ ዋናው መንገድ ተመለስን። ጉምካል ላይ ብርድ፣ ሳትፑሊ ላይ ሙቀት፤ ሳትፑሊ ናያር ወንዝ ዳር ያለች ሸለቆ ውስጥ የተወሸቀች ከተማ ናት፤ አውቶቡሱ ሁሉ ለምሳ እዚያ ይቆማል። ዓሣ በሩዝ። አጥንቱ ብዙ ነው፣ ጣዕሙ ግን አንደኛ።

ዳንኤሎቹ ከኮትድዋር እስከ ስሪናጋር ያለውን በየደረጃው ሥለው የቦታ ስም ጽፈውበታል። ከነሱ አንዱ «ታካ ካ ሙንዳ» የሚል ነው። በጆሮ የሰሙትን ነው የጻፉት። ሳትፑሊ ላይ ለሹፌሩም፣ ለዓሣ ቤቱ ባለቤትም፣ ለአንድ አስተማሪም ጠየቅሁ፤ ሦስቱም ሦስት የተለያየ ቦታ ጠቆሙኝ፣ በሦስት የተለያየ አቅጣጫ። ስለዚህ ሥዕሉን ይዤ «ትክክል እዚህ ጋ ነው የቆሙት» ልላችሁ አልችልም። ደግሞ የዛሬው አስፋልት የዚያን ጊዜውን የእግር መንገድ ተከትሎ አይሄድም። የእግር መንገዱ በቀጥታ ዳገት ይወጣል፤ መኪና ግን እንደዚያ አይችልምና አስፋልቱ ተራራውን ይዞራል። ጓደኛዬ ይህን በጣቱ አየር ላይ እየሣለ ሩብ ሰዓት አስረዳኝ።

ከዚያ በላይ ስንወጣ ያየነው ግን ሆዴን አላወሰው። በየተረተሩ ላይ የተሠሩ የሚያማምሩ የድንጋይ ቤቶች፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ፣ በራቸው የተቀረጸ እንጨት። በሩ ላይ ግን ቁልፍ፣ ቁልፉ ደግሞ የዛገ። የእርሻው እርከን በቁጥቋጦ ተውጧል። ፓውሪ ጋርዋል በ2001 እና በ2011 ቆጠራዎች መካከል የሕዝቧ ቁጥር ከቀነሰባቸው የኡታራካንድ ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ሌላዋ አልሞራ። ወጣቱ ዴህራዱን፣ ዴልሂ፣ ወይም ጦር ሠራዊት ነው። አብራን የተሳፈረች አንዲት እናት የትኛው ቤት የማን እንደሆነና ልጆቹ የት እንዳሉ እየጠቆመች ነገረችን፤ ፋሪዳባድ፣ ዱባይ፣ ፋሪዳባድ፣ ሙምባይ።

ፓውሪ ማታ ገባን። 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ ፊት ለፊቷ የሂማላያ በረዷማ ሰንሰለት ይታያል ይላሉ፣ ሆቴሎቹ ሁሉ በስማቸው ላይ «ቪው» የሚል ቃል አለባቸው። እኛ ያየነው ጭስ ነው። ኤፕሪል የጥዱ ደን የሚቃጠልበት ወር ነው፤ የረገፈው መርፌ ቅጠል መሬቱን ይሸፍናል፣ አንድ ክብሪት ይበቃዋል። ሌሊቱን ማዶ ካለው ሸንተረር ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ቀስ እያለ ሲሄድ ከመስኮት እናይ ነበር።

እራት ላይ ግን አንድ ደስ የሚል ነገር። የሆቴሉ ሴትዮ ማንዱዋ የሚሉትን ጥቁር ቂጣ በቅቤ አቀረበችልን። ገና ስቆርሰው ሽታው ነገረኝ። ዳጉሳ! ጓደኛዬ ጎጃም ያደገ ነው፤ አልተናገረም፣ ሦስት በላ። ዳጉሳ መጀመሪያ የለማው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው፣ ወደ ህንድ የተሻገረው በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ነው፤ ዛሬ የጋርዋል ሰው «የኛ የተራራ ምግብ» ይለዋል። ከየት እንደመጣ ለሴትዮዋ ስነግራት ሳቀችና «ቤታ፣ ይሄማ የአያቴ ነው» አለችኝ። አልተከራከርኩም።

ሰኞ፣ ፓውሪ

ሌሊት ዘነበ። ነጎድጓድ፣ በረዶ፣ መብራት ጠፋ። ጠዋት ሆቴሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰገነት ላይ ነበር።

ቻውካምባ፣ 7,138 ሜትር። በግራው የኬዳርናት ጫፎች። ከመሃል ያሉት ሸንተረሮች በተርታ እየደበዘዙ ይሄዳሉ፣ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ግራጫ፣ እና ከሁሉም በላይ፣ ደመና ይሆናል ብለህ ከምታስበው ቦታ ላይ፣ በረዶው። አሁን ሥዕሉን አወጣሁ። ሰገነቱ አጥር ላይ ዘረጋሁት፣ ንፋሱ እንዳይወስደው ሻይ ኩባያ ጫንኩበት።

ብዙ ሰው የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ይዋሻሉ ይላል። ተራራውን ያሾሉታል፣ ገደሉን ያሰፉታል፣ ዛፉን ከሌላ ቦታ አምጥተው ይተክላሉ። ውሸት አይደለም፤ የዘመኑ ፋሽን ያስገድድ ነበር። ሥዕል ሲሣል ከፊት ለፊት ጨለም ያለ ዛፍ ወይም ድንጋይ፣ ከመሃል ብርሃን ያለበት መንገድ፣ ከኋላ የደበዘዘ ተራራ መኖር አለበት፤ ተመልካቹ ትንሽ ፈራ ብሎ በጣም መደሰት አለበት። ዳንኤሎቹም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ግን ከሌሎቹ የሚለዩበት ነገር አለ። ካሜራ ኦብስኩራ ይዘው ነበር የሚዞሩት፤ ጨለማ ሳጥን ነው፣ በመነጽሩ የገባው ምስል ወረቀት ላይ ይወድቃል፣ እሱን በእርሳስ ይከተላሉ። ከነሱ በፊት ህንድን የሣለውን የዊልያም ሆጅስን ሥዕሎች ይዘው ቦታው ድረስ እየሄዱ ያመሳክሩም ነበር፤ ልጁ ዊልያም በማስታወሻው የሆጅስን ስህተት መልቀም ይወድ ነበር። ትንሽ የቅናት ሽታ አለው፣ ግን ለኛ ጠቀመን። ከፓውሪ ሰገነት ላይ ሆኜ ሳየው የተራራው አቀማመጥ፣ የሸንተረሩ አወራረድ፣ ብርሃኑ በየተርታው እንዴት እንደሚደበዝዝ፣ እነዚህ ነገሮች ትክክል ናቸው። ሊከራከረኝ የሚፈልግ ከዝናብ ማግስት ጠዋት እዚያው ይምጣ።

ጓደኛዬ ግን ተራራውን አላየም። ጣቱን ሥዕሉ ላይ፣ መንገዱ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሰዎች ላይ አደረገ። «እነዚህ ምንድን ነው የተሸከሙት?» አለ።

እውነቱን ነው። እነዚያን ሥዕሎች ስናይ ሰዎቹ ለመጠን የተቀመጡ ይመስሉናል፣ ተራራው ግዙፍ እንዲመስል። ግን ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ ወረቀቱን፣ ያንን ጨለማ ሳጥን ሽቅብ ያወጣው የሰው ጀርባ ነው። መንኮራኩር በዚያ መንገድ አይሄድም። በንጉሡ ጊዜም ለመንግሥት ሸክም መሸከም ግዴታ ነበር፤ እንግሊዞች ከኔፓል ጋር በነበረው ጦርነት በ1815 የጋርዋልን ምሥራቃዊ ክፍል ሲይዙ ግዴታውን በመዝገብ አደረጉት። «ኩሊ ቤጋር» ይባላል። ሹም ወይም ፈረንጅ ተጓዥ ሲያልፍ ከየመንደሩ በተራ ሰው ይጠራል፣ ክፍያው ወይ የለም ወይ ለስሙ ነው። ይህ እስከ 1921 ቆየ። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ፣ በጎረቤት ኩማዎን አውራጃ ባጌሽዋር ላይ፣ ለበዓል የተሰበሰበው ሕዝብ የሸካሞቹን መዝገብ ሳርዩ ወንዝ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ከቁርስ በኋላ በፓውሪ ገበያ ስንወርድ አንድ ሸካሚ ማቀዝቀዣ በጀርባው ይዞ ደረጃውን ሲወጣ አየን። ሙሉ ማቀዝቀዣ፣ ካርቶኑ እንኳን አልተቀደደም። ገመዱ ከካርቶኑ ሥር ዞሮ ግንባሩ ላይ ባለ ሰፊ ማሰሪያ ያርፋል፤ አንገቱ ነው የሚሸከመው። በየአሥር ደረጃው ቲ ቅርጽ ያላት ዱላውን ከካርቶኑ ሥር ይደግፍና ቆሞ ያርፋል፣ ሳይቀመጥ። ከተቀመጠ መነሣት የለም። ከዚህ በፊት በሥዕሎቹ ላይ ጎብጠው የሚታዩትን ሰዎች ለምን ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ ብዬ ነበር።

ማክሰኞ፣ ስሪናጋር

ከፓውሪ እስከ ስሪናጋር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሙሉ ቁልቁለት። ከ1,800 ወደ 560 ሜትር። ሹራቤን በየኩርባው ነው ያወለቅሁት፤ ስንደርስ በቲሸርት ላብ በላብ።

ዳንኤሎቹ እዚህ የሣሉትን የገመድ ድልድይ ሥዕል ይዘን በቀጥታ ወንዙ ዳር ወረድን። በዚያ አገር የገመድ ድልድይ የሚሠራው ባባር ከሚባል ሣር ነበር፤ ሣሩ ይገመዳል፣ ወፍራሙ ገመድ በሁለቱም ዳርቻ ምሰሶ ላይ ይታሰራል፣ ሰው እየተወዛወዘ ይሻገራል። ሥዕሉ ላይ ድልድዩ ላይ ሰዎች አሉ፣ ዕቃ የያዙ። ሳያውቁ ለሚያዩት ውብ የገበያ ቀን ይመስላል። አይደለም። ዳንኤሎቹ ሲደርሱ ንጉሡ ፕራድዩምና ሻህ በጦርነት ተወጥሮ ነበር፤ ከተማው ጠላት መጣብኝ ብሎ እየተሰደደ፣ ሰዉ ዕቃውን አዝሎ ወደ ማዶ እየተሻገረ ነው። ሠዓሊዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ወደ ሜዳው ተመለሱ። የፍቅርና የግርማ ተራራ ተብሎ ሳሎን ውስጥ የተሰቀለው ሥዕል የስደት ሥዕል ነው። እኔ ይህንን ካነበብኩ በኋላ ሥዕሉን በድሮው ዓይን ማየት አልቻልኩም።

ድልድዩ የለም፣ ያ ብቻ አይደለም። ሥዕሉ ላይ ያለው ከተማ ራሱ የለም። በሴፕቴምበር 1, 1803 ምድር ተንቀጠቀጠና አፈረሰው። ወዲያው ጉርካዎቹ ከኔፓል መጥተው አገሩን ያዙ፤ ንጉሡም በ1804 ዴህራዱን አጠገብ ውጊያ ላይ ሞተ። እንግሊዞች ከመጡ በኋላ ልጁ ሱዳርሻን ሻህ ግማሹን አገር ብቻ ይዞ መናገሻውን ወደ ቴህሪ አዛወረ።

ቀጥሎ የመጣው ጎርፍ ለጓደኛዬ የጉዞው ሁሉ ማጣፈጫ ሆነ። በ1893 ከስሪናጋር ርቆ፣ ቢርሂ በሚባል ገባር ወንዝ ላይ ተራራ ተንዶ ወንዙን ዘጋ፤ ከኋላው ጎህና የሚባል ግዙፍ ሐይቅ መሙላት ጀመረ። መሐንዲሶቹ ግድቡ እንደማይቆም ገባቸው። መቼ ሞልቶ እንደሚፈስ አሰሉ፣ ቴሌግራፍ እስከ ሐይቁ ድረስ ዘረጉ፣ በሸለቆው ውስጥ ጎርፉ እስከየት እንደሚደርስ ምልክት አደረጉና ሕዝቡን ከምልክቱ በላይ አወጡት። በኦገስት 1894 መጨረሻ ተደረመሰ። የስሪናጋርን አሮጌ ከተማ ጠርጎ ወሰደው። የሞቱት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ከወጡ በኋላ ወደ ግድቡ ሥር የተመለሱ። «በ1894!» እያለ ጓደኛዬ ቀኑን ሙሉ ሲደጋግመው ዋለ። «ያለ ሳተላይት፣ ያለ ምንም!»

የዛሬው ስሪናጋር ከዚያ በኋላ ከፍ ባለ ቦታ ላይ እንደገና የተሠራ ነው፣ ለዚህ ነው ዋናው ገበያ ቀጥ ያለ መንገድ ያለው። ከላይ 330 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አለ። ግድቡ ሲሠራ ውሃ ሊውጠው የነበረው፣ ዳሪ ዴቪ የተባለችው የአካባቢው ሴት አምላክ ቤተ መቅደስ ከፍ ተደርጎ ነበር፤ ጣዖቷ ከቦታዋ በተነሳች በሰዓታት ውስጥ የጁን 2013 ትልቁ ጎርፍ መጣ፣ የከተማውን ዝቅተኛ ክፍልም በደለል ሞላው። እዚህ ማንንም ብትጠይቁ ጎርፉ ለምን እንደመጣ ይነግሯችኋል፣ ከዝናብ ጋር ምንም አያገናኙትም።

ወንዙ ዳር ሁለት ተማሪዎች አግኝተን ሥዕሉን አሳየናቸው። አንዷ «ይሄ የኛ ከተማ ነው?» አለች፤ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው፣ ከዚያ የዛሬውን ድልድይ በዚያው አንግል ለማንሳት ሞከረች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየገባባት ተናደደች። ያቺ ልጅ ከኔ ይልቅ ቦታውን አገኘችው ብዬ አስባለሁ፤ ማዶ ያለውን ሸንተረር ጎባጣ ከሥዕሉ ጋር አመሳክራ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያለች እስከ ወንዙ ድንጋይ ድረስ ወሰደችን።

ረቡዕ፣ ወደ ታች

በሪሺኬሽ መንገድ ወረድን፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አብዛኛው መንገድ ተቆፍሯል፤ ተራራው ውስጥ ለሪሺኬሽና ካርናፕራያግ የ125 ኪሎ ሜትር የባቡር መሥመር ዋሻ እየበሱ ነው፣ ስሪናጋርም ጣቢያ ይኖራታል። ዴቭፕራያግ ላይ አረንጓዴውና ደፍረስ ያለው ወንዝ ተገናኝተው ጋንጀስ ይሆናሉ፤ አውቶቡሱ አምስት ደቂቃ ቆመ፣ ሁለቱን ዓይቼ ሙዝ ገዛሁ።

መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ ከኤፕሪል ይልቅ ማርች መጀመሪያ ላይ ሂዱ፤ ቡራንሽ የሚሉት ቀይ አበባ ያኔ በየደኑ ይፈነዳል፣ ጭሱም አይጀምርም። ካልሆነም ኦክቶበር፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፤ በጁላይና ኦገስት መንገዱ ስለሚናድ አትሞክሩት። ኮትድዋር ላይ ማቅለሽለሽ የሚከላከል መድኃኒት በሎሚ ከረሜላ መልክ ይሸጣሉ፣ ግዙ። የዳንኤሎቹን ሥራዎች በአካል ለማየት ደግሞ ካልካታ ቪክቶሪያ ሜሞሪያል ሂዱ፤ ህንድ ውስጥ ትልቁ ስብስባቸው ያለው እዚያ ነው። ጓደኛዬ የገመድ ድልድዩን ቅጂ ከኔ ወስዶ ሳይመልስ ቀርቷል፤ ሣሩ ስንት ኪሎ ሊሸከም እንደሚችል እያሰላ ነው።